የሦስተኛው መስመር ድምፅ

ሠረገላው ከጽሑፍ ገልባጮች ሰፈር ወጥቶ ወደ ድልድዩ ሲታጠፍ የገልባጯ ታላቅ እህት ገና በሩን አልለቀቀችም ነበር። በአንድ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ፣ በሌላው የበሩን እጀታ ጨብጣ ከፈረሶቹ እኩል ትሮጣለች። ሃምሳን ያለፈች፣ ውፍረት የተጫናት፣ የታላቅ ሰው ሚስት ናት፤ በደህናው ቀን ቢሆን ከደጃፏ እስከ ጎረቤት ደጃፍ በእግሯ አትሄድም።

“የእኔ ጽሕፈት አይደለም በይ!” ትላለች እያለከለከች። “አላውቀውም፣ አይቼውም አላውቅ በይ! ሰማሽኝ? በእናታችን አጥንት!”

“እትዬ ልቀቂ፣ ትወድቂያለሽ።”

“ልውደቅ! ባሌ ተሰቅሎ እኔ ቆሜ ምን ልሠራ ነው?”

ከገልባጯ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሻምበል በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። “እመቤቴ፣ መንኮራኩሩ እግርዎን እንዳይበላዎት። ይልቀቁ፣ በልጆችዎ!” አላት። ልጆች ሲባል ነው መሰል እጇ ላላ። ገልባጯ በኋላው መስኮት ዞራ ስታይ እህቷ መንገዱ መሀል ጉልበቷን ይዛ ቆማለች፤ አንድ ጫማዋ ወልቆ ከኋላዋ ቀርቷል፤ አላፊ አግዳሚው ይከባታል። የባለመለከቱን ሚስት የማያውቅ በከተማው አልነበረም።

ገልባጯን የያዟት ከሥራዋ ላይ ነው። ሽርጧ ከነቀለሙ ነው፤ የላባ ብዕሯም ከጆሮዋ ጀርባ እንደተሰካ መጥቷል። ብዕሩን ያገኘችው ሠረገላው ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ነበር፤ የምታደርገው ጠፋት። መሣሪያ ይዛ የተገኘች እንዳይመስልባት ፈርታ ኪሷ ውስጥ ደበቀችው። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ላባውን ጩቤ ያስመስለዋል።

አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የመንግሥትን ወረቀት ስትገለብጥ ኖራለች፤ የሹመት ደብዳቤ፣ የመሬት ውል፣ የሙዚቃ ኖታ፣ ያመጡላትን ሁሉ። ባል ለምን እንዳላገባች ሲጠይቋት “ግልባጩ ሞልቷል፤ የጠፋው ዋናው ነው” ትላለች፤ ጠያቂውም ስቆ ይሄዳል። ቀልዱን እሷ ራሷ ከስንት ዓመት በፊት ጠልታዋለች፤ ግን የሰለቸ ቀልድም ቢሆን ከጥያቄ ያድናል።

“ባለመለከቱ ዜማውን እውነት ሰርቆታል?” አላት ሻምበሉ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ ነጂው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እኔ ምን አውቄ፣ ሻምበል።”

“አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ ነው? ልዑሉ የጠሩሽ እኮ ሙዚቀኞቹን ስላላመኑ ነው። ትናንት አሥራ ሁለቱን ሰብስበው ጠየቋቸው። ስድስቱ ሰርቋል አሉ፣ ስድስቱ አልሰረቀም አሉ።”

“ሰርቋል ያሉት ቦታውን የሚፈልጉ ናቸው።”

“አልሰረቀም ያሉትስ?”

“እሱ ያስተማራቸው።”

ሻምበሉ ጺሙን እየጎተተ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወሬ ወዳድ ነበር እንጂ፤ የግብዣውን ነገር ከሷ የተሻለ ያውቃል፣ ጓዳው ድረስ ገብቶ ሰምቷል። ከሦስት ቀን በፊት ነው። በጦርነቱ ጠላት ከነበረው ጎረቤት አገር የመጣው የእርቅ መልእክተኛ በልዑሉ ቀኝ ተቀምጦ ሳለ ባለመለከቱ ተነሥቶ የድሉን ዜማ ነፋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቀትር ላይ ዘብ ሲለወጥ የሚነፋ ዜማ ነው፤ በጦርነቱ ማግስት የባለመለከቱን ስም ከአገር አልፎ ያስጠራው እሱ ነው። ቃል የለውም። ሁለት መስመር ሄዶ ሦስተኛው ላይ እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ አለቀ ሲል አንዲት ድምፅ ብቻዋን ወደ ላይ ትወጣለች። እዚያች ላይ ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል። ልዑሉም አወለቁ። መልእክተኛው ግን አጨብጭቦ፣ ፈገግ ብሎ፣ “የቀብር ዜማችንን እንዲህ አሳምራችሁ ስለያዛችሁልን እናመሰግናለን፤ እኛ ግን ትንሽ ዘገም አድርገን ነው የምንነፋው” አለ።

“ማንኪያ የወደቀ እንደሆነ ይሰማ ነበር” አለ ሻምበሉ። “እኔ ሚስቴን ስቀብር እንባ ያልወጣኝ ሰው ነኝ። እዚያች ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ... ታዲያ ለጠላት ሬሳ ነው ሳለቅስ የኖርኩት? አስቢው እስቲ!”

“ሰርቆ ከሆነስ?” አለች፣ መልሱን እያወቀች።

“ገመዱን ከጠዋት ጀምሮ ሰም እየቀቡት ነው። ‘ለማንኛውም’ ብለዋል።” ከዚያ የማጽናናት ያህል ጨመረላት። “ዛሬ ንጋት ላይ የባለመለከቱ ቤት ሲፈተሽ ከሳጥኑ ሥር ጥቅል ወረቀት ተገኝቷል። የድሮ ኖታ ነው፤ ግርጌው ላይ ያንቺ ፊርማ አለበት። አንቺ የምትጠየቂው ‘ጽሕፈቱ ያንቺ ነው ወይ’ ተብለሽ ብቻ ነው። ‘ነው’ ብለሽ ትመለሻለሽ።”

ገልባጯ ጥቅሉ የተቃጠለ መስሏት ነበር። ባለመለከቱ አቃጥዬዋለሁ ብሏት ነበር። ምን ያለው ጅል ነው ሃያ ዓመት ሙሉ መሰቀያውን ከሳጥን ሥር የሚያኖር?

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመት ከጠላት ሠራዊት ከተማረከው ዕቃ ጋር አንድ ሳጥን ኖታ መጣ። እህቷ ያኔ ገና እጮኛ ነበረች፤ እጮኛዋም ስም የሌለው መለከት ነፊ። ለባንዱ ይጠቅማል ብሎ አስፈቅዶ እንድትገለብጠው ለገልባጯ ሰጣት፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በገልባጮች ቤት ባዶውን ወረቀት ቆልለው ቁልሉ ላይ ነው የሚጽፉት፣ ብዕሩ እንዳይሻክር። አለቃቸው ጠብታ አይወድም፤ ሦስት ጊዜ ያንጠባጠበ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። እሷ ሁለቱን ጨርሳለች። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ሦስተኛው መስመር መጨረሻ ሲቀረው፣ ብዕሯን ከቀለሙ አውጥታ ሳታራግፍ ወደ ወረቀቱ መለሰችውና አንድ ጠብታ ጠብ አለ፤ ክብ፣ ጥቁር፣ የኖታ ራስ የመሰለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ፣ ባዶ ቦታ ላይ። ብትፍቀው ወረቀቱ ይቀደዳል። ዝም ብላ ቀጠለች። ገጹ ሲያልቅ ገልባጭ ሁሉ እንደሚያደርገው ግርጌው ላይ መሐላዋን ጻፈች፦ ያየሁትን ጽፌያለሁ፣ ያላየሁትን አልጨመርኩም።

በሳምንቱ የእህቷ እጮኛ ወረቀቱን ይዞ መጣ። “እቺ ኖታ ራስ እንጂ እግር የላትም፤ ምን ብዬ ልንፋት?” አላት። ኖታ እግር አለው፤ ርዝመቱ የሚታወቀው በሱ ነው። አለቃው ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። “ኧረ፣ እግሯን ረስቼው ነው” አለችና ብዕሯን አንሥታ ለጠብታው ቀጥ ያለች ቆንጆ እግር አበጀችለት። እሱም አመስግኖ ሄደ። ዋናው ቅጂ ያለበት መጋዘን በዚያው ክረምት ተቃጠለ። በዓመቱ ያ ዜማ በባለመለከቱ ስም ከተማውን አናወጠው። ሲሰሙ የሚያለቅሱት በሷ ጠብታ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ግን ለማን? ምን ብላ? መጀመሪያ አለቃዋን ፈራች፤ ቀጥሎ እህቷ አገባችው፤ ቀጥሎ ልጆች መጡ፤ ቀጥሎ ልዑሉ ባርኔጣቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ውሸት እንደ ሕፃን ነው፣ በየዓመቱ ቁመት ይጨምራል። የመንግሥት ወረቀት ላይ ያልነበረ ነገር የጨመረ ገልባጭ ደግሞ ቅጣቱ ይታወቃል። የገልባጮችን ቤት የሚጠርገው ሽማግሌ ድሮ ገልባጭ ነበር፤ በአንድ የመሬት ውል ላይ አንዲት ቃል ጨምሮ የቀኝ አውራ ጣቱን ቆረጡት። መጥረጊያውን በአራት ጣት ነው የሚይዘው። በየጠዋቱ “እንዴት አደርሽ” ሲላት እጁን ላለማየት ጣሪያ ታያለች።

የፍርድ ክፍሉ ትልቅ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ነበር፤ ጥግ ላይ የብረት ምድጃ ይነዳል፣ ሙቀቱ ግን ከልዑሉ ወንበር አያልፍም። ልዑሉ ካባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። በቀኛቸው መልእክተኛው ነጭ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በግራቸው አሮጌው ዳኛ ማጉያ መነጽራቸውን በሪባን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው። አንድ ጸሐፊ ከታች ይጽፋል።

ባለመለከቱ መሀል ቆሟል። ቀበቶው ተፈትቷል፤ ኒሻኖቹ ተነቅለው ኮቱ ላይ የመርፌው ቀዳዳዎች ቀርተዋል። ትናንት በጥያቄው ጊዜ “ሁለቱን መስመር ከአንድ ቦታ ሰምቼ ይሆናል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ የምትወጣዋ ድምፅ ግን የራሴ ናት” ብሎ ነበር። ጥቅሉ ከተገኘ ወዲህ ግን አፉን አልከፈተም። ገልባጯን ሲያያት ዓይኑን መለሰ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ወረቀት ተዘርግቷል። አንደኛው የባለመለከቱ ዜማ ነው። ሁለተኛው መልእክተኛው ከአገሩ በፈረስ ያስመጣው አሮጌ ገጽ ነው፤ ሦስተኛው መስመር መጨረሻው ላይ አይጥ በልቶታል። ሦስተኛው የሷ ግልባጭ ነው። ከሩቅ አወቀችው። ሰው የልጅነት ሥዕሉን የሚያየውን ያህል እንግዳ ሆነባት።

“ነገሩ አጭር ነው” አሉ ዳኛው። “ሁለቱ መስመር አንድ ናቸው፣ የሚክድ የለም። ሦስተኛውም እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ነው። የቀረችው እቺ ከፍ የምትለዋ ናት። በመልእክተኛው ገጽ ላይ ቦታዋ ተበልቷል። እሳቸው ነበረች ይላሉ።”

“ነበረች” አለ መልእክተኛው። “አባቴ የተቀበረው በሷ ነው።”

ልዑሉ ቀስ ብለው ተናገሩ። “እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ የማላውቀውንም አውቃለሁ አልልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባርኔጣዬን ያወለቅኩት ለዚያች ለአንዲቷ ድምፅ ነው። እሷ የኛ ከሆነች የቀረውን ይውሰዱት፣ መርቄላቸዋለሁ። እሷም የነሱ ከሆነች ግን ይህ ሰው በሕዝቤ ፊት ለጠላት ሬሳ አስነሥቶኛል፤ ቀትር ሳይሞላ ይሰቀላል።”

ዳኛው ግልባጩን አንሥተው ወደ ገልባጯ ገፉት። “ይህ ጽሕፈት የማን ነው?”

እህቷ መንገድ መሀል ቆማ ታየቻት። ግን የሷን እጅ የማያውቅ ጸሐፊ በቤተ መንግሥቱ የለም፤ መካድ ሁለት ሰው ማሰቀል ነው። “የእኔ ነው፣ ክቡር ዳኛ።”

“መሐላውስ?”

“የእኔ ነው።”

“እንግዲህ ልብ ብለሽ ስሚ። ያየሽውን ብቻ ነው የጻፍሽው? ያላየሽውን አልጨመርሽም?”

በዚያች ክፍል ውስጥ ይህ ጥያቄ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየገጹ ግርጌ የመለሰችው ጥያቄ ነው። “አዎ” ብትል ወደ ጠረጴዛዋ ትመለሳለች፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። “አዎ” ብትል ያቺ ድምፅ ከጠላት ወረቀት የተገለበጠች ትሆናለች፤ ውጭ ሰም የተቀባ ገመድ አለ። አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ጨብጣ እንደያዘች ያወቀችው ሲያማት ነው።

“አይ” አለች።

ጸሐፊው ቀና አለ።

“ጨምሬያለሁ። እቺ ኖታ አይደለችም፣ ጠብታ ናት። ከብዕሬ የወደቀች ናት። ዋናው ላይ ምንም አልነበረም፣ ባዶ ነበር።”

“እግር አላት እኮ!” አሉ ዳኛው መነጽራቸውን እያስጠጉ።

“እግሩንም እኔ ነኝ ያበጀሁት። በሳምንቱ። ፈርቼ።”

መልእክተኛው ሳቀ፤ ክፋት የሌለበት፣ የተማመነ ሳቅ ነበር። “ልዑልነትዎ፣ እቺ ሴት የተከሳሹ ሚስት እህት አይደለችም? ቤተሰብ ሲጨንቀው ጠብታም እግር ያወጣል።”

“ማስረጃ አለሽ?” አሉ ልዑሉ። ድምፃቸው ቁጣም ደስታም የለበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

“የምንጽፈው ቁልል ላይ ነው፣ ልዑልነትዎ። ትልቅ ጠብታ ሲወድቅ ወደ ታችኛው ባዶ ወረቀት ያልፋል። ከሰባተኛው ገጽ ሥር የነበረው ስምንተኛው ነው። ካለፈ... እዚያ መኖር አለበት።”

ካለፈ። እሷም አታውቅም። ስምንተኛውን ገጽ የጻፈችው በማግስቱ ነው፤ ምን እንዳየች የምታስታውሰው የለም። ዳኛው ጥቅሉን ፈቱት። ስድስት አለ፤ ዘጠኝ አለ፤ አሥር አለ። ስምንት የለም። ደግመው ቆጠሩ። መልእክተኛው ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ። ባለመለከቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አንሥቶ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፣ ሌላ ነገር ነበር፣ ስሙን ያላገኘችለት።

“ዘጠነኛው ወፍሮብኛል” አሉ ዳኛው ወረቀቱን በጣታቸው እያሹ። እርጥበት አጣብቆት ነበር። በወረቀት መቁረጫ ቢላዋ ጫፍ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጥግ ጥጉን ጀምረው ለዩት። ስምንተኛው ገጽ የዳንስ ዜማ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መካከል፣ ምንም መጻፍ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቡናማ ነጥብ አለች።

ዳኛው ሰባተኛውን ስምንተኛው ላይ ጥግ ለጥግ አስተካክለው አነጠፉ። ከካባቸው ደረት ላይ መርፌ ነቅለው የኖታዋን ራስ መሀሉን ወጉት። ላይኛውን ሲያነሡት ቀዳዳው ነጥቧ መሀል ላይ ነበር። እግር የላትም። እግሯ ወደ ታች አላለፈም፣ ያኔ ገና አልተወለደማ።

“ጠብታ ናት” አሉ።

ከዚያ ባለመለከቱ ተናገረ፤ ለዳኛውም ለልዑሉም አልነበረም። “ጠይቄሽ ነበር” አላት። “እግር የላትም ብዬ ጠይቄሽ ነበር።”

“አዎ፣ ጋሼ።”

“ረስቼው ነው አልሽኝ።”

“አዎ።”

“ያን የሞተ ሰው...” አለ። “ዜማውን የጻፈውን ሰው፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም። የዘረፍኩት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ እሱን ስፈራና ስወድ ኖርኩ። ሁሉም ወደ ታች ሲሄድ እቺን ወደ ላይ የላከ እንዴት ያለ ልብ ነበረው እያልኩ። እንደሱ አንዲት እንኳ ለመጻፍ ያልሞከርኩበት ቀን የለም። ወረቀቱንም ያላቃጠልኩት በሱ ምክንያት ነው። እና እሱ አላሰባትም?”

“አላሰባትም፣ ጋሼ።”

“አንቺስ?”

“እኔማ ፈርቼ ነው።”

“እንግዲያው ማንም አላሰባትም ማለት ነው” አሉ ዳኛው፣ ለራሳቸው ይመስል።

መልእክተኛው ተነሣ። የተሸነፈ ሰው ነበር፤ የተሸነፈ ብልህ ሰው ግን ባዶ እጁን አይወጣም። “እኔ አቤቱታዬን አንስቻለሁ” አለ እጅ ነሥቶ። “ያቺ ድምፅ የእኛ አይደለችም። ልዑልነትዎ ባርኔጣዎን ያወለቁት ለእኛ ሙታን አልነበረም። ለቀለም ጠብታ ነበር።” እና በሩን በቀስታ ዘግቶ ወጣ።

የልዑሉ ጆሮ ሲቀላ ሁሉም አየ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ የጎረጎሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ይህም አላረጋጋቸውም። ጸሐፊው፣ ምስኪን፣ ሥራው ነውና ብዕሩን አንሥቶ ጠየቀ፦ “ልዑልነትዎ፣ የገልባጯን ጥፋት ምን ብዬ ልጻፍ? ለቅጣቱ መዝገብ ያስፈልጋል።”

“አትጻፍ!” አሉ። እሷ አውራ ጣቷን የበለጠ ጨበጠች። “ምን ብለህ ልትጽፍ ነው? የአገሩ ዜማ ከብዕር የወደቀ ነው ብለህ? ስጡኝ ያን።” ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ገጽ ከዳኛው እጅ ተቀብለው ተነሡና በገዛ እጃቸው ምድጃው ውስጥ ከተቱ። እስኪያልቅ ቆመው አዩት። ወደ ባለመለከቱ ሲዞሩ ፊታቸው ድንጋይ ነበር። “ቀትር እየደረሰ ነው። ሕዝቡ ደጅ ቆሟል፣ ወሬውን ሰምቷል። ውረድና እንደ ወትሮህ ንፋ። እንደ ወትሮው ከነፋህ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም አልተባለም። አንዲት ነገር ከጎደለች፣ አንድ ሰው ከሳቀ፣ ገመዱም ጣት የሚቆርጠው ምላጭም እዚያው ናቸው። ለሁለታችሁም።”

ደረጃውን ሲወርዱ ሻምበሉ ከኋላቸው ነበር። ለባለመለከቱ ቀበቶውን መልሰውለታል፣ መለከቱን ክንዱ ላይ ይዟል።

“ለምን ነገርሻቸው?” አላት ሳያያት።

“ሊሰቅሉህ እኮ ነው፣ ጋሼ!”

“ሌባ ሆኜ ብሰቀል ግድ አልነበረኝም። የታላቅ ሰው ሌባ ነበርኩ። አሁን ምንድን ነኝ?”

“የእህቴ ባል ነህ። የልጆቿ አባት ነህ። ዝም ብለህ እንደ ትናንቱ ንፋት!”

“ትናንት የሰው ነበረች” አለና ወደ ግቢው ወጣ።

ግቢው ነጭ ብርሃን ነበር። ዘቦቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ከብረቱ አጥር ወዲያ ሕዝቡ እስከ ድልድዩ ድረስ ሞልቷል። ሌላ ቀን እንዲህ አይመጣም፤ የዛሬው ግን ዜማ ሊሰማ ሳይሆን ባለመለከቱ መውጣት አለመውጣቱን ሊያይ ነው የመጣው። ሲያዩት ጉምጉምታ ተነሣ። ከግቢው ጥግ፣ አዲስ እንጨት ላይ፣ ገመዱ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ገልባጯ ወደ ላይ ቀና ብላ የልዑሉን መስኮት አየች። ተከፍቷል።

ባለመለከቱ መለከቱን አፉ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ችኮላ የሌለው። ሁለተኛውም። ገልባጯ ትንፋሿን መቁጠር ጀመረች። ሦስተኛው መስመር ጀመረና መውረድ ያዘ፤ ወረደ፣ ወረደ። ባርኔጣዎች መነሣት ጀመሩ። የመጨረሻዋ ዝቅ ያለች ድምፅ መጣችና ቆመች።

ምንም አልመጣም።

መለከቱ አፉ ላይ ነው፤ ጉንጩ ተሞልቷል፤ ዓይኑ የሌለ ወረቀት ላይ ያነብ ይመስል ፈጥጧል። ትንፋሹ አልወጣለትም። የሞተውን ሰው ፈልጎ ያጣው እንደሆነ ገባት፤ ለማን እንደሚነፋ ጠፍቶታል። ዝምታው ረዘመ። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ምላጭ የያዘው ዘብ ወደ መስኮቱ አንጋጠጠ፣ ምልክት ሊቀበል። ገልባጯ አጠገቧ ያለውን የሻምበሉን እጅጌ ያዘች። አለቀ ብላ አሰበች። እኔ ገደልኩት፣ ያኔም እኔ፣ ዛሬም እኔ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት፣ የልብስ ቅርጫት ወገቧ ላይ የደገፈች፣ ዘፋኝ ያልሆነች፣ ድምፅዋ የሻከረ፣ አፏን ከፍታ “አ...” አለች። ልክ እዚያች ቦታ ላይ፣ ልክ በዚያች ከፍታ። የጎደለው ነገር ያሳሰባት እንጂ ድፍረት ያላት አትመስልም ነበር። ከጎኗ አንድ ሽማግሌ ተቀበላት። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አጥሩ በሙሉ፣ ከዚያ ድልድዩ። ማን ጻፋት፣ ማን አንጠባጠባት፣ ማን ሰረቃት የሚል አልነበረም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ሰምተዋታል፣ በሷ ልጅ ቀብረዋል፣ በሷ ወታደር ተቀብለዋል፤ ሳትወጣ መቅረት አትችልም። ባለመለከቱ መለከቱን ቀስ ብሎ ከአፉ አወረደ።

ገልባጯ ቀና ብላ ለማየት ፈራች። የዘቡ ዓይን አሁንም መስኮቱ ላይ ነበር፤ ምላጩን ግን ወደ ታች አድርጎታል። ግድ ሆነባትና አየች። ልዑሉ መስኮቱ ላይ ቆመዋል፤ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ ነው፤ አፋቸውም እንደ ሕዝቡ በዚያችው ድምፅ ተከፍቷል።